አድሱልን እንጂ አትንጠቁን

በዚህ ቻናል የለመዳችሁት የምንዛሪ፣ የኑሮ ውድነትና የጦርነት ወሬ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጌም ልጽፍ ነው። «ሥራ ፈት» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ነገሩ የልጅ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የምንስማማ ይመስለኛል። ጥያቄው በገንዘባችን የገዛነው ነገር የእኛ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። (ከራሴ ታሪክ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሴ ልጀምር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰፈራችን ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ጌም ቤት ነበረ። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ሕጉ ቀላል ነበር፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ከፍሎም ይነሳል። ሲዲው አልነበብ ሲል ባለቤቱ ማሽኑን ገልብጦ በጀርባው ያስተኛዋል፤ ያኔ ያነባል። ለምን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም፣ ግን ይሠራ ነበር።

የዚያ ቤት ንጉሥ ቴከን 3 ነበር። ጃፓኖች በ1997 በአርኬድ፣ በ1998 በፕሌይስቴሽን ያወጡት የድብድብ ጌም ነው። ኤዲ ጎርዶ የሚባለውን ብራዚላዊ ካፖኤራ ተጫዋች የያዘ ልጅ ምንም ሳይችል ቁልፎቹን በዘፈቀደ እየደበደበ ያሸንፋል። ጠብ ስለበዛ ባለቤቱ ግድግዳው ላይ «ኤዲ ክልክል ነው» ብሎ በእስክሪብቶ ጻፈ። ዛሬም ድረስ ከአብሮ አደጎቼ ጋር ስንገናኝ ከሠላምታ ቀድሞ የሚመጣው ይሄ ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የጌም ኢንዱስትሪው ከአዲስ ፈጠራ ይልቅ የእኛን ልጅነት መልሶ መሸጥ አዋጭ ሆኖ አግኝቶታል። ይህን የሚያደርገው በሦስት መንገድ ነው። ሪማስተር የሚባለው የድሮው ጌም እንዳለ ሆኖ ምስሉና ድምፁ ለዛሬው ስክሪን ሲጸዳ ነው። ሪሜክ ደግሞ ከመሠረቱ እንደ አዲስ ሲገነባ ነው። ክሮስኦቨር የሚባለው ከተለያዩ ጌሞች የመጡ ገጸ ባሕርያት አንድ ጌም ውስጥ ሲገናኙ ነው።

ሦስቱንም አልጠላም። እንዲያውም እወዳለሁ። ሰው የልጅነቱን ዘፈን በጥራት መስማት ቢፈልግ ምን ነውር አለው? ደግሞ ልብ በሉ፣ ትዝታ ያሞኛል። ቴከን 3ን ከሃያ ዓመት በኋላ ሳየው እኔ በጭንቅላቴ ይዤው የኖርኩት ጌምና ስክሪኑ ላይ ያለው አልገናኝ አሉኝ። የተዋጊዎቹ ጣቶች ተጣብቀው ሳጥን መስለዋል። ስለዚህ ማደስ አስፈላጊ ነው። በደንብ ሲሠራ ደግሞ ያስደስታል።

የሚያኮራ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በ1999 የወጣ የኮምፒውተር ጌም ነው። ይህን ጌም በሕይወት ያቆዩት ኩባንያው ብቻ ሳይሆን አፍቃሪዎቹ ናቸው። ዋናው ሥራ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ጥቂት ተጫዋቾች ለራሳቸው ደስታ የሠሩት ተጨማሪ ክፍል በ2013 በይፋ ታትሞ ተሸጠ። ከዚያ በ2015 የአፍሪካ መንግሥታት የሚል ክፍል ሲወጣ ኢትዮጵያውያን ሾተል ከታጠቁ ተዋጊዎቻቸው ጋር ገቡ፤ የዮዲትም ታሪክ ተካተተ። ወታደሮቹን ስታዟቸው በአማርኛ ይመልሳሉ። በ2019 ደግሞ ሁሉም ነገር ጸድቶ እንደገና ወጣ። በ1999 ጌሙ ሲወለድ እኛ አልነበርንበትም፤ የገባነው ሲታደስ ነው። ማደስ ማለት ይሄ ነው፤ አሮጌው ቤት ሳይፈርስ አንድ ክፍል ተጨመረለት።

ሌላም አለ። ሬዚደንት ኢቪል 2 በ1998 ወጣ፣ በ2019 ከመሠረቱ ተሠርቶ ተመለሰ፤ አዲሱም ግሩም ነው። ያም ሆኖ የ1998ቱ ራሱ በ2024 ለዛሬ ኮምፒውተር ተስተካክሎ ለሽያጭ ቀረበ። የፈለገ አዲሱን፣ የፈለገ አሮጌውን፣ እንደኔ ያለው ደግሞ ሁለቱንም ይገዛል። ማንም አልከሰረም።

የሚያስቆጣኝ ሌላው ዓይነት ነው። አዲሱን ሊሸጡልን ሲሉ አሮጌውን ከመደርደሪያ የሚያነሱበት።

በኅዳር 2021 የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሮክስታር ጂቲኤ 3ን፣ ቫይስ ሲቲንና ሳን አንድሪያስን በአንድ ላይ አድሶ «የመጨረሻው እትም» ብሎ አወጣ። ከማውጣቱ በፊት ግን የድሮዎቹን ከዲጂታል መደብሮች አነሣ። አዲሱ ሲመጣ ዝናቡ ነጭ ክር መሰለ፣ የሰዎቹ ፊት ተበላሸ፣ ከሬዲዮው ዘፈኖች ጎደሉ። ሳን አንድሪያስ በድሮው ማሽን ሰፊ አገር የሚመስለው ርቀቱን ጉም ስለሚሸፍነው ነበር፤ ጉሙን ሲገፉት ከተራራው አናት ላይ ሆነህ አገሩ ሁሉ እንደ ግቢ ጠቦ ታየ።

ከሁሉም ያሳቀኝም ያሳዘነኝም አንድ ትንሽ ነገር ነው። በጌሙ ውስጥ አንድ የዶናት ቤት አለ፤ ማስታወቂያው ላይ ትልቅ ዳዶ ቆሟል። ቀልዱ በእንግሊዝኛ ለውዝና ዳዶ የሚጠሩበት ቃል አንድ መሆኑ ነው። አዳሾቹ ቅርጾችን ሁሉ ሲያለሰልሱ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ዳዶ ክብ ሆኖ ቀረ። ቀልዱም አብሮ ሞተ። ያለሰለሰው አካል የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ አላወቀም ነበር። ሳያውቁ ማደስ ማለት ይህ ነው፤ የጥንት ሥዕል ላይ ቀለም ቀቢ እንደ መላክ።

ሮክስታር በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠየቀ፣ የድሮዎቹንም የኮምፒውተር ቅጂዎች እንደሚመልስ ቃል ገባ። አዲሱ ራሱ በቅጡ የተስተካከለው ከሦስት ዓመት በኋላ በ2024 መጨረሻ ነው። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፤ ሕዝብ ባይጮህ ኖሮስ?

ከእርሱ በፊት በጥር 2020 ብሊዛርድ ዋርክራፍት 3ን አድሶ ሲያወጣ የባሰ ሆነ። የ2002ቱን ኦሪጅናል ከዓመታት በፊት በገንዘባቸው የገዙ ሰዎች በኢንተርኔት ለመጫወት አዲሱን ፕሮግራም መጫን ግዴታ ሆነባቸው። ተጫዋቾችን በደረጃ የሚያወዳድረው ሥርዓት ጠፋ፣ ሌሎች ጥቅሞችም ጠፉ። አዲሱን አልገዛም ያለው ሰው እንኳ የነበረው ተበላሸበት። ቤትህን አድስልሃለሁ ያለህን ሰው «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ብትለው፣ ማታ ስትገባ ግድግዳህ ፈርሶ ብታገኘውስ? ልክ እንደዚያ ነው።

ወደ ክሮስኦቨር ልምጣ። ጌም ቤት ውስጥ የማያልቅ ክርክር ነበረ፤ «የቴከኑ ጂን ከስትሪት ፋይተሩ ሪዩ ጋር ቢደባደብ ማን ያሸንፋል?» ይህን ክርክር ለመፍታት በ2012 ስትሪት ፋይተርና ቴከን የተገናኙበት ጌም ከካፕኮም ወጣ። ደስታችን ብዙም አልቆየም። አሥራ ሁለት ተዋጊዎች ዲስኩ ላይ ተሠርተው ተቀምጠው ሳለ ተቆልፈው ነበር፤ ቁልፉ በተጨማሪ ክፍያ ይሸጣል። የገዛኸው ዲስክ ውስጥ ያለ ነገር የአንተ አይደለም ማለት ነው። በናምኮ በኩል ሊሠራ የታወጀው የጌሙ ወንድም ደግሞ እስካሁን አልወጣም።

እስቲ ስለዚያ ስለ ክልክሉ ኤዲ ላንሣ። ቴከን 3 ላይ ከሲዲው ጋር አብሮ የመጣ ሰው ነው። በ2024 ቴከን 8 ሲወጣ ኤዲ አልነበረበትም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ መጣ፣ ለብቻው ዋጋ ወጥቶለት። የእኛ ሰፈር ባለ ጌም ቤት ኤዲን የከለከለው ጠብ ለማብረድ ነበር፤ እነዚህ የከለከሉት ለመሸጥ ነው።

ክሮስኦቨር ሌላም መዘዝ አለው። ባለቤቱ ሁለት ሲሆን ዕድሜው በውል ይወሰናል። በ2000 የወጣው ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም 2 ሃምሳ ስድስት ተዋጊዎች ያሉት፣ በዓይነቱ ከሚወደዱት አንዱ ነው። በ2013 መጨረሻ ፈቃዱ ስላለቀ ከዲጂታል መደብሮች ወረደ። አፍቃሪዎቹ ይመለስልን ብለው ዘመቻ ከፈቱ። የተመለሰው በመስከረም 2024 ነው። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ! በዚያ መሀል ጌሙን ያቆየው ማን ነው? ኩባንያው አይደለም፤ አሮጌ ዲስክ በአልጋ ሥር ያስቀመጠ ሰውና ቅጂ የያዘ ሰው ነው።

ለወቅታዊ ጉዳይ ተከታታዮች የሚሆንም አለኝ። ፌታል ፉሪ የተባለው የኤስኤንኬ የድብድብ ጌም ከ1999 በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቆ በ2025 አዲስ ክፍል ወጣለት። የጠበቁት ሰዎች የልጅነት ጀግኖቻቸውን ሲፈልጉ ከመካከላቸው ክርስቲያኖ ሮናልዶን አገኙት። አዎ፣ እግር ኳስ ተጫዋቹን። ነገሩ እንዲገባችሁ የሳዑዲው አልጋ ወራሽ መሐመድ ቢን ሰልማን ያቋቋሙት ሚስክ ፋውንዴሽን ከ2022 ጀምሮ በኩባንያው በኩል የኤስኤንኬን 96 በመቶ ድርሻ መያዙን እወቁ። ሮናልዶ የሚጫወተውም ሪያድ ውስጥ ነው። ይህ ክሮስኦቨር የገጸ ባሕርያት ሳይሆን የካዝና ነው። ከቴከን ጋር ስትሪት ፋይተር የተገናኘው እኛ ስለተመኘነው ነበር፤ ሮናልዶን ማን ተመኘው?

«እሺ፣ ኩባንያ ነው፤ ንብረቱ ነው፤ እንደፈለገ ቢያደርገውስ?» የሚለኝ አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛው፣ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ጥሩ ጠባቂ አልሆኑም። ስኩዌር በ2002 ያወጣውን ኪንግደም ኸርትስ ስኩዌር ኢኒክስ በ2013 ሊያድስ ሲነሣ ዋናዎቹ የሥራ ፋይሎች ጠፍተው ስለነበር ብዙውን ነገር እንደገና ለመሥራት ተገደደ። ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ እንደሌሉ አሳይቷል። አሥራ ሦስቱን ብቻ ነው በሕጋዊ መንገድ በቀላሉ መግዛት የሚቻለው። ሪማስተር የሚደረግለት ያው ዝነኛው ነው፤ ሌላው ይረሳል። ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪዎች ከርቀት ያሳዩ የሚለውን ጥያቄ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በጥቅምት 2024 አልቀበልም ብሏል።

የሚገርመው የሶኒ ታሪክ ነው። በ1999 ብሊም የሚባል ትንሽ ኩባንያ የፕሌይስቴሽን ጌሞችን ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም ሲሸጥ ሶኒ ከሰሰው። ብሊም በፍርድ ቤት አልተረታም፤ የክርክሩ ወጪ ግን አቆርቁዞት በ2001 ተዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት በሌላ ማሽን ላይ እንዲሠሩ ካደረጋቸው ጥቂት ጌሞች አንዱ የኛው ቴከን 3 ነበር። በ2018 ሶኒ ራሱ ፕሌይስቴሽን ክላሲክ የተባለች ትንሽ ማሽን ሃያ የድሮ ጌሞች ጭኖ በመቶ ዶላር ሸጠ። ቴከን 3ም አለበት። ማሽኗ ስትፈተሽ ጌሞቹን የሚያጫውተው ሶፍትዌር በጎ ፈቃደኞች በነጻ ሠርተው ለሕዝብ የለቀቁት ሆኖ ተገኘ። የተመረጠው ቴከን 3 ደግሞ የአውሮፓው፣ ከአሜሪካው ዘገምተኛ የሆነው ቅጂ ነበር። የማሽኑ ባለቤት ጌሙን አፍቃሪዎቹ ከጠበቁት ባነሰ ጥራት መልሶ ሸጠው።

ሁለተኛው መልስ፣ ንብረቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ዩቢሶፍት ዘ ክሩ የተባለውን በ2014 የወጣ የመኪና ጌም ሰርቨር መጋቢት 31 ቀን 2024 ዘጋ። ብቻውን ለሚጫወትም ሰው ጌሙ ሞተ። የከፈለ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። ከዚያ ቁጣ የተነሣው ዘመቻ በአውሮፓ ኅብረት በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባሰበ። ካሊፎርኒያም ከጥር 2025 ጀምሮ ዲጂታል መደብሮች ፈቃድ እየሸጡ መሆኑን ሳይነግሩ «ግዛ» የሚል ቁልፍ እንዳይጠቀሙ በሕግ ከልክላለች። እነዚህ ሰዎች ሥራ ፈት አይደሉም። ዛሬ ጌም ነው፤ ነገ በስልካችሁ የገዛችሁት መጽሐፍ፣ ፊልምና መዝሙር ነው።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ውጭ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለልደቴ የአንድ ዲጂታል መደብር ካርድ ላከችልኝ። አገር ምረጥ ሲለኝ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። የእሷን አድራሻ ሞላሁ። በሁለት ዓመት አሥራ አንድ ጌም ሰበሰብኩ፤ አብዛኞቹ የልጅነቴ ጌሞች የታደሱ ቅጂዎች ናቸው። አንድ ጠዋት ስከፍተው አካውንቱ ተዘግቷል። አድራሻው የእኔ ስላልሆነ ደንብ ጥሰሃል ተባልኩ። ብጽፍ ብጽፍ መልሱ አንድ ዓይነት ሆነ። ደንቡን መጣሴ እውነት ነው። ግን በትክክለኛው በር እንዳልገባ በሩ ራሱ የለም።

እዚህ ላይ የማይመች እውነት መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ ጽሑፌ ሐሰት ይሆናል። የዚያ የቆርቆሮ ጌም ቤት ሲዲዎች በሙሉ ኮፒ ነበሩ። በላያቸው በማርከር ተጽፎባቸው በሳንቲም ይሸጡ ነበር። ለፈጠሩት ሰዎች ከእኛ አንዲት ሳንቲም አልደረሰችም። ስለዚህ ካደግኩና ገንዘብ ካገኘሁ በኋላ የታደሱትን ስገዛ ዕዳ የመክፈል ያህል ነበር የሚሰማኝ። ዕዳዬን ልከፍል በሄድኩበት መደብር ባዶ እጄን መመለሴ ነው ያንገበገበኝ። ከፍሎ የሚያጣ፣ ሰርቆ የማያጣ ከሆነ ሰው ምን ይማራል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ከጎኑ ይቀመጥ፤ ይሸጥ፣ ገንዘባቸውን ያግኙበት። ሁለተኛ፣ ሰርቨር ሊዘጋ ሲል የገዛው ሰው ብቻውንም ቢሆን የሚጫወትበት መንገድ ይተውለት። ሦስተኛ፣ መሸጥ ያቆሙትን ጌም ቤተ መጻሕፍትና አፍቃሪ ሲጠብቀው አይክሰሱ። ለኛ ተጫዋቾችም አንድ ምክር አለኝ፤ ማስታወቂያውን አይታችሁ ገና ሳይወጣ አትክፈሉ። አንድ ሳምንት ጠብቁ። የ2021ዱ ጂቲኤ የተሸጠው ሰው ሥራውን ሳያይ ትዝታውን አምኖ ስለከፈለ ነው።

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቤት መጣ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከቁም ሳጥን አናት ላይ ጌም ቤቱ ሲዘጋ ከባለቤቱ የገዛሁትን ግራጫ ፕሌይስቴሽን አወረድኩ። የተጫረች ሲዲ ከተትኩ፤ አልነበበም። ገልብጬ በጀርባው አስተኛሁት። አነበበ።

ልጁ ሳይጠይቀኝ ኤዲን መረጠ። ቁልፎቹን በዘፈቀደ እየደበደበ ሦስት ጊዜ አሸነፈኝ።

በገንዘቤ የገዛኋቸው አሥራ አንዱ ዛሬ የሉም። ያቺ ኮፒ ሲዲ ግን አለች። ይህ መሆን አልነበረበትም፤ ግን የሆነው ይህ ነው።